ቤዙ ሲያጉረመርም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱን ተራ ሳላስጠብቅ አስቀድሜዋለሁ። ጠያቂዋ የ16 ዓመት ልጅ እናት ናቸው። ልጃቸው ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ባንድ መሥርቶ የቤዝ ጊታሩ ድርሻ ደርሶታል፤ ያገለገለ ቤዝና አምፕሊፋየርም ተገዝቶለታል። «ገና ሲሰካው እምምም የሚል ድምፅ ይጀምርና አያቋርጥም» ይላሉ። «አንዳንዴ ደግሞ ክሮቹን ሲነካ ጣቱን ነዘር ያደርገዋል። ጓደኛው የፕላጉን የመሬት መስመር ብትቆርጠው ድምፁ ይጠፋል ብሎታል። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ልጁም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ እህቴ፣ ይህን ዓምድ አንብበው ሳይጨርሱ ይነሡና አምፕሊፋየሩን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጡ፤ ቀስ ብለን እናወራለን። ሌሎቻችሁም ቤታችሁ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኪቦርድ ወይም ማይክራፎን ካለ አብራችሁን ብትቆዩ ጥሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤዝ ጊታር ላይ ክሮቹ ከታች የታሰሩበት ብረት አለ። ከብረቱ ሥር አንድ ቀጭን ሽቦ ተደብቆ ወደ ውስጥ ይገባና ኬብሉ ከሚሰካበት ጃክ ጋር ይገናኛል። ከጃኩ በኬብሉ የውጭ ጥልፍልፍ ሽቦ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ የብረት አካል ይሄዳል፤ ከዚያ በፕላጉ የመሬት መስመር ወደ ሶኬቱ፣ ከሶኬቱም ግቢ ውስጥ ወደ ተቀበረው የብረት ዘንግ ይወርዳል። በአጭሩ፣ ልጅዎ የቤዙን ክር ሲይዝ የአምፕሊፋየሩን አካል እንደያዘ ይቁጠሩት።

ይህ ሰንሰለት ሙሉ ከሆነ ደኅና ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ ኮረንቲው ወደ መሬት ይነጉዳል፤ ብሬከሩ ይወድቃል ወይም ፊውዙ ይቃጠላል፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ልጁ ይበሳጫል። የመሬቱ መስመር ከተቆረጠ ግን ብሬከሩ ምንም አያውቅም። 220 ቮልቱ ክሮቹ ላይ ተቀምጦ መውረጃ ይጠብቃል። መውረጃ የሚያገኘውም ልጁ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ሲቆም ወይም ክሩን በእጁ እንደያዘ ከንፈሩን ወደ ማይክራፎን ሲያስጠጋ ነው።

ለማስፈራራት ያልኩት አይደለም። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው) ዌልስ ውስጥ በስዋንዚ ከተማ፣ ተመልካቹ ፊት፣ ማይክራፎን እንደጨበጠ ኮረንቲ ገደለው። ከ4 ዓመት በኋላ የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ ቤቱ ውስጥ ጊታር እየተጫወተ በተመሳሳይ አደጋ ሞተ። በሁለቱም ሞት የተጠቀሰው ጥፋት ከመሬት ጋር በትክክል ያልተገናኘ መሣሪያ ነው። ሁለቱም ሙያቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

የጣት መነዘር ሁልጊዜ ሞት አፋፍ ላይ መቆም ነው ማለት አይደለም። መሬት የሌላቸው ትንንሽ ቻርጀሮችም ጥቂት ኮረንቲ ያሾልካሉ፤ የላፕቶፕዎን ብረት በእጅዎ ጀርባ ዳሰስ ሲያደርጉ ሻከር የሚልዎት እሱ ነው። ነገር ግን ጣት ቴስተር አይደለም። ትንሹን መሹለክ ከትልቁ አደጋ መለየት አይችልም፤ ለይቶ ሲያውቀውም ጊዜው ያልፋል።

ኤሌክትሪሺያን ይጥሩና ሁለት ነገር ይጠይቁት። የመጀመሪያው፣ ልጁ የሚጠቀምበት ሶኬት ከጀርባው የመሬት ሽቦ በእርግጥ ገብቶለታል ወይ የሚለው ነው። ሶኬቱ ላይ የመሬት ብረቶቹ መታየታቸው ከግድግዳው በስተጀርባ ሽቦ አለ ማለት አይደለም። በተለይ ሰርቪስ ቤት ይታይልኝ። ልጆች የሚለማመዱት እዚያ ነው፤ ወላጅ ጩኸቱን ሽሽት ወደ ጓሮ ይልካቸዋል። የሰርቪስ ቤቱ መብራት ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት በሁለት ሽቦ ብቻ ተጎትቶ የገባ ነው፤ ሦስተኛውን ሽቦ ያስታወሰው የለም። በዚያ ላይ አንድ ዲቫይደር ተሰክቶ አምፕሊፋየሩ፣ ኪቦርዱና ማይክራፎኑ ሁሉ እሱ ላይ ይሰበሰባሉ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ኮረንቲ ወደ ሰው ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ ብሬከር ይገጠምልን የሚል ነው። ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ቤዝ ጊታር ጋር አይወዳደርም፤ ልብስ ማጠቢያውንና የውሃ ማሞቂያውንም አብሮ ይጠብቅልዎታል። ያ ሁሉ እስኪሆን ልጁ ቤዙን ሳይሰካ ይለማመድ።

አሁን ወደ ጉርምርምታው እንምጣ። ይሄኛው ክፍል ደስ ይላል።

ከክሮቹ ሥር የሚታየው ጥቁር ነገር ፒክአፕ ይባላል። ማግኔት ነው፤ ዙሪያውን ከፀጉር የሚቀጥን ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኢምንት ኮረንቲ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ያሰማናል። ችግሩ ይህ ጥምጥም ሽቦ ክሩን ብቻ አይሰማም። ግድግዳው ውስጥ ያለውን መስመር፣ የቴሌቪዥኑን ትራንስፎርመር፣ የጣሪያውን ረጅም ነጭ መብራት ሁሉ ይሰማል። የእኛ አገር ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ጉርምርምታውም 50 ኸርዝ ነው፤ እጥፉን 100 ኸርዝንም አብሮ ያሰማል።

እስቲ ልጁን ይህን ያሠሩት (ሶኬቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው የምለው)። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዞ ይምታ። ያ ድምፅ ጂ ነው፤ 49 ኸርዝ። ከጉርምርምታው የሚለየው በአንድ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሲደራረቡ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይሰማል። የቤቱ መብራት ራሱ ኖታ እየተጫወተ ነው። አሜሪካ ውስጥ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ ያሉ ልጆች ይህን ጨዋታ በዚህ ፍሬት አያገኙትም።

ጉርምርምታ ምን እንደሚል ማንበብ ይቻላል። ልጁ ክሮቹን ሲነካ ድምፁ ከቀነሰ ጤነኛ ምልክት ነው፤ ገላው እንደ አንቴና የሰበሰበው በክሩ በኩል ወደ መሬት ወረደ ማለት ነው። ቤዙን እንደያዘ ወደ መስኮት፣ ከዚያ ወደ በር ሲዞር ድምፁ ከፍና ዝቅ ካለ ፒክአፑ በአካባቢው ያለ ዕቃ እየሰማ ነው፤ ከዲቫይደሩና ከመብራቱ ይራቅ። ሁለት ፒክአፕ ያለው የጃዝ ቤዝ ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም ቮልዩም እስከ ጫፍ ይክፈት፤ ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ጉርምርምታ እንዲያጠፋ ተደርገው የተጠመጠሙ ናቸው። የቤዙን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ዘግቶም ድምፁ ካልጠፋ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ነው፤ ቤዙን አይክሰሰው። ክሩን ሲነካ ድምፁ ከጨመረ ወይም ጣቱ ከነዘረው ግን ምርመራው እዚያው ያበቃል፤ ይነቀላል።

ከጉርምርምታ ሌላ አንድ ያገለገለ ቤዝ የሚያመጣቸው ሕመሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ቤት ውስጥ ይድናሉ። የቮልዩም ቁልፍ ሲዞር ክርክር ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል፤ ኮንታክት ክሊነር ጠብ ተደርጎበት 20 ጊዜ ያህል ግራ ቀኝ ሲዞር ይጸዳል። ኬብሉ ሲነቃነቅ ድምፁ ከተቆራረጠ በመጀመሪያ ሌላ ኬብል ይሞከር። ካልሆነ የጃኩ ብሎን ላልቷል። ይሄ ትንሽ ይመስላል እንጂ የላላ ጃክ ኬብል በተሰካበት ቁጥር አብሮ እየዞረ የውስጡን ሽቦ ጠምዝዞ ይበጥሰዋል፤ ቤዝ «ሞተ» ተብሎ ጥግ ከሚቆምባቸው ምክንያቶች እንደ እኔ ግምት ይሄን የሚቀድመው የለም። ድምፁ እየሰለለና እየተሰነጣጠቀ ከሄደ ደግሞ ከጀርባው የባትሪ ቦታ እንዳለው ይታይ። ባለ 9 ቮልቷ አራት ማዕዘን ባትሪ ደክማ ይሆናል። ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪዋ ሌሊቱን ስትሠራ እንደምታድር ብዙ ልጅ አያውቅም።

የተበጠሰውን ሽቦ መልሶ መበየድ ልጁ ራሱ ቢማረው ደስ ይለኛል። ባለ 30 ወይም 40 ዋት መበየጃ፣ ጥቂት ስታኞ፣ አንድ ቴስተር ይበቃዋል። ጥበቡ ስታኞውን ማቅለጥ ሳይሆን ብረቱን ማሞቅ ነው፤ የሞቀው ብረት ስታኞውን ራሱ ይጠጣዋል። ጥሩ ብየዳ እንደታጠበ ማንኪያ ያብለጨልጫል፤ ደብዛዛና ጉብታ የሆነው ነገ ይላቀቃል። መስኮት ይከፈት፣ ታናናሾች ይራቁ፣ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ብዙው ስታኞ እርሳስ አለበት። ከኬብሉ የተነቀለ ቤዝ ውስጥ ከዚያች ባትሪ ሌላ ኮረንቲ የለም። ስለዚህ አያስፈራም፤ ቢያበላሽም የሚያበላሸው ቤዙን እንጂ ራሱን አይደለም።

ሲለምድ ደግሞ ማሻሻል ይፈልጋል። ባትሪ በሌለው ቤዝ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 250 ኪሎ ኦም ቁልፎችና የ0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይገኛሉ። የቶን ቁልፉ ሲዘጋ ካፓሲተሩ ቀጫጭኑን ድምፅ ወደ መሬት ያፈሰዋል፤ የሚቀረው ወፍራሙ ነው። በ0.1 ቢተካው ቁልፉ ሲዘጋ የበለጠ ይጨልማል፤ በ0.022 ቢተካው ቀለል ይላል። ካፓሲተር የኪስ ገንዘብ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱን በጆሮው ሲሰማ ግን የፊዚክስ መምህሩ አንድ ወር ሲያስረዱት የከረሙት ነገር በአንድ ከሰዓት ይገባዋል።

አምፕሊፋየሩ ግን አይከፈትም። ተነቅሎ እንኳ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ይዘው ይቆያሉ፤ በድሮዎቹ ባለ አምፖል አምፕሊፋየሮች ውስጥ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እሱ የጠጋኙ ሥራ ነው።

ጠጋኝ ካልኩ አይቀር፣ ቤዝ ጊታርን ገበያ ላይ ያቆመው ሰው ራሱ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ነበረው፤ ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። በዘመኑ ቤዝ ማለት ቁመቱ ከሰው የሚተካከል ኮንትራባስ ነው፤ ለመጓጓዣ አስቸጋሪ፣ ከድራምና ከነሐስ መሣሪያዎች መካከልም የማይሰማ። ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በአምፕሊፋየር የሚጮህ፣ ፍሬት ስላለውም ጣት ኖታውን ሳይስት የሚያገኝበት አደረገው። ስሙም የመጣው ከዚህ ትክክለኝነት ነው።

ቤዙን የገዛለት አባት «አራት ክር ብቻ? ስድስቱ ቢሆንለት አይሻልም ነበር?» ብሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤት የሚባል ነው። ጥያቄው የሚመጣው ቤተሰቡ ቤዝ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው፤ ወቀሳዬ ለጆሯችሁ ሳይሆን ለስልካችሁ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። የስልክ ትንሽ ስፒከር ያንን ማውጣት አይችልም። ሙዚቃን በስልክ ብቻ የሚሰማ ቤት ዘፈኑን ሁሉ ያለ ወለሉ ነው የሚሰማው።

ዛሬ ማታ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልጉና ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አዳምጡ። ድምፁን ለጊዜው ተዉትና ከሥር የሚሽከረከረውን ሐረግ ተከተሉ። ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ ባንዱ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ ስንቱን ካሴት አጅቧል። ቀጥላችሁ የዋልያስ ባንድን የ1977ቱን «ቼ በለው» ስሙ፤ እዚያ ቤዙ የመላከ ገብሬ ነው። የድምፃውያኑን ስም ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። እነዚህን ሁለት ስሞች ግን ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። ጀምስ ጄመርሰን በ1960ዎቹ የሞታውንን ታላላቅ ዘፈኖች በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየመታ ተሸከማቸው፤ ስሙ አልበም ላይ የተጻፈለት በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። ፖል ማካርትኒ ቤዝ የያዘው በ1961 የባንዱ ቤዚስት ሲለቅ ቦታውን የሚሸፍን ስለጠፋ ነው። ሴት ልጅ ላላችሁ ደግሞ ካሮል ኬይን ልጥቀስ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጊታሪስት ነበረች፤ በ1963 አንድ ቀን የቤዙ ተጫዋች ስቱዲዮ ስላልመጣ ቤዙን አንሥታ ያዘች፤ ከዚያ ወዲያ የዘመኑን ስንት ቀረጻ የሷ ቤዝ ተሸከመው።

ልጅዎ ባንዱ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ፈጣን ጣት አያስፈልገውም። ዓይኑ የድራመሩ ቀኝ እግር ላይ ይሁን፤ የእግር ከበሮው ሲመታ የሱም ኖታ አብሮ ይውደቅ። ቤት ውስጥ ሜትሮኖም ከፍቶ በዝግታ አንድ ኖታ ብቻ ለ3 ደቂቃ ሳይቀድምና ሳይዘገይ ይምታ። እርስዎም አጠገቡ ተቀምጠው ይስሙት። ቀላል ከመሰለዎት ተቀብለው ይሞክሩት። የእኛን ቺክቺካ ሲጀምር ደግሞ ኖታ ለመሙላት አይቸኩል፤ እዚያ የሚዘለለው ምት ከሚመታው አያንስም።

ለጎረቤትም እናስብ። የ41 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አያቆመውም። አምፕሊፋየሩ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ወንበር ላይ ይሁን። ከምሽት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ይጫወት፤ አብዛኞቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ቀዳዳው አላቸው። በባንድ ልምምድ ላይ ደግሞ የጆሮ መሰኪያ ይግዙለት። ለ85 ዴሲቤል የሚመከረው ገደብ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። አንድ ድራም ያለበት ሰርቪስ ቤት 100ን በቀላሉ ያልፋል።

ለመጀመሪያው መድረክ ሲወጣ፣ የትምህርት ቤት በዓልም ይሁን የዘመድ ሠርግ፣ ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ኬብል፣ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ትርፍ ክርና ያው ቴስተር ይኑሩ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር የተነሣ እንደሆነ ቴስተሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። ማንም ወደ ማይክራፎኑ ከመጠጋቱ በፊት ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ትልቁ መለኪያ ላይ ያድርግ፤ የቴስተሩን ዘንጎች ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ይዞ አንዱን ጫፍ የቤዙ ክር ላይ፣ ሌላውን የማይክራፎኑ የብረት ወንፊት ላይ ያስነካ። ዜሮ ወይም አንድ ሁለት ቮልት ካሳየ ይጫወቱ። 50፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ አንደኛው መሣሪያ መሬት የለውም፤ ባለሙያው መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ፣ ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ቢሆን እንኳ፣ ማንም ክርም ማይክራፎንም አይንካ።